የሥላሴ ቅጥር ድንጋዮች ምን ይናገራሉ?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው እውነት ይሁን አይሁን ጠይቀን አናውቅም። ለመሆኑ ከመቃብር በላይ የሚውለው የማን ስም ነው? ስም ከመቃብር በላይ እንዲውል መጀመሪያ መቃብሩ ራሱ መኖር የለበትም ወይ? መቃብር የተነፈገውስ? አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ ከዓመታት በኋላ ወጥቶ በክብር የተቀበረውስ? እነዚህን ጥያቄዎች የታሪክ ተማሪ በመጻሕፍት ብቻ ቢያሳድዳቸው ብዙ ይደክማል። ከአራት ኪሎው ግቢ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ በእግሩ ቢሄድ ግን መልሱን እንኳ ባያገኝ ጥያቄውን በድንጋይ ተቀርጾ ያገኘዋል። የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ቅጥር ማለታችን ነው። ብዙዎቻችን በበሩ በየቀኑ እናልፋለን፤ የገባን ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ ስንል አምስት ሆነን ቅጥሩን ዞርነው፣ ድንጋዮቹን አነበብን፣ ካነበብነው በኋላም ተከራከርን። እነሆ ያየነውንና የተከራከርንበትን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ሥላሴ ካቴድራል ይባል እንጂ ለአካባቢው ሰው ደብር ነው። ሕፃን ክርስትና ይነሣበታል፣ ሙሽራ ይቆርብበታል፣ ለሞተ ሰው ፍትሐት ይደረስበታል። ጥር 7 እና ሐምሌ 7 የንግሥ በዓሉ ሲሆን ቅጥሩ በነጠላ ይነጣል። እዚያው አጠገቡ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራው የበዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እንግዲህ ቦታው ካቴድራሉ ከመሠራቱ በፊትም የጸሎት ቦታ ነበር ማለት ነው። የካቴድራሉ ሕንፃ ራሱ ታሪክ ያለው ነው። ሥራው ከጣሊያን ወረራ በፊት ተጀምሮ፣ ወረራው አቋርጦት፣ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ተጠናቀቀ። በሌላ አነጋገር መሠረቱ በአንድ ዘመን ሐሳብ ተጥሎ ጣሪያው በሌላ ዘመን ሐሳብ ተከደነ። ሲጀመር ዘመናዊት መዲና ለመገንባት የቆረጠ ቤተ መንግሥት ሥራ ነበር፤ ሲያልቅ ግን የድል ምስጋናና የአርበኞች መታሰቢያ ሆነ። እንደ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ክብ አይደለም፤ የመዳብ ጉልላቱና በላዩ የቆሙት የቅዱሳን ሐውልቶች የውጭ አገር አሠራር ይታይባቸዋል። ወደ ውስጥ ሲገባ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ጋር ሌላም ታሪክ ተስሎ ይገኛል፦ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ሲሉ። ያን ቀን ጉባኤው አልሰማቸውም። ሥዕሉ ግን የተሳለው ታሪኩ ከተገለበጠ በኋላ፣ አቤት ባዩ በድል ከተመለሰ በኋላ ስለሆነ ሽንፈቱን እንኳ ድል አስመስሎ ያሳያል። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸ ነው፤ መታሰቢያ የሚሠራው ባለፈው ነገር ሳይሆን በሠሪው ቀን ነው።

ወደ መቃብሮቹ እንምጣ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደ መጽሐፍ ይነበባል የምንለው ለማሳመር አይደለም፤ የሚነበብበት ሥርዓት ስላለው ነው። አንደኛ ቦታውን ማንበብ ነው። ከጥንት ጀምሮ ንጉሥና ጳጳስ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ወይም ከሥሩ፣ መኳንንት ከግድግዳው አጠገብ፣ ተራው ሰው ከአጥሩ ጥግ ይቀበራል። ለመቅደሱ መቅረብ ማዕረግ ነው። ደሀው ቢበዛ ጥቂት ድንጋይ ይከመርለታል፤ ያንንም ክረምት ይበትነዋል። ዛሬ በከተማችን ቦታ ስለጠበበ በግድግዳ ላይ የሚሠራው ፉካ መጥቷል፤ ፉካም ቢሆን ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛ ማዕረጉን ማንበብ ነው፦ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ብላቴን ጌታ፣ ሌተና ጄኔራል፣ ክቡር ሚኒስትር፣ ሎሬት፣ ዶክተር። ማዕረጎቹን በየዓመታቸው ደርድሮ ያየ ሰው የሀገሪቱ ሹመት ከጦር ሜዳ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ዲግሪ እንዴት እንደ ተሻገረ ያለ አስተማሪ ይገባዋል። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ግሡን ማንበብ ነው። ቋንቋችን ለሞት ብዙ ግሥ አለው፤ «ሞተ»፣ «አረፈ»፣ «ዐረፉ»፣ «ተሠዋ»፣ «ተገደለ»፣ «ወደቀ»። ከነዚህ አንዱን መርጦ ድንጋይ ላይ ማስቀረጽ በአንድ ወገን መቆም ነው። በመቃብር ድንጋይ የተለመደው «አረፉ» የሚለው ነው። በበሽታ የሞተውም፣ በጥይት የሞተውም፣ በእርጅና የሞተውም እኩል «አረፉ» ይባላል። ለቤተ ክርስቲያን ትክክል ነው፤ ነፍስ ሁሉ እንድታርፍ ትጸልያለችና። ለታሪክ ተማሪ ግን ይቺ ቃል መጋረጃ ናት። መጋረጃውን ገልጦ «እንዴት አረፉ?» ብሎ መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ያቆመን የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት በሀገራቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት ታግለው የታሰሩ ሴት ናቸው። ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን ስትወር በ1928 ዓ.ም. «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣ ለንደን ላይ አቋቁመው፣ የገዛ መንግሥታቸው ዝም በሉ ሲል ዝም አላሉም። ከነፃነት በኋላም ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በ1948 ዓ.ም. ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ቀን ነው። በፍትሐቱ «ወለተ ክርስቶስ» ተባሉ፤ ከአርበኞች ጋርም ተቀበሩ። ልጃቸው የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ በየካቲት 2009 ዓ.ም. እዚሁ ሥላሴ ተቀበሩ። አርበኛ ለመባል ጠመንጃ መያዝ ግድ አይደለም፣ እዚህ መወለድም ግድ አይደለም፤ ድንጋዩ የሚለው ይህን ነው። ታዲያ ከመካከላችን አንዷ «እሺ፣ ለሳቸው ደግ ተደረገ፤ ስንቅ ተሸክማ፣ ቁስለኛ አስታማ ዱር ለዱር ያለቀችው የገጠር ሴት ድንጋይዋ የት አለ?» ስትል መልስ የሰጣት አልነበረም።

ሲልቪያ ከተቀበሩ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የያኔው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ተረሸኑ። ከሟቾቹ አንዱ አምስቱን ዓመት በሸዋ ዱር ጣሊያንን የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ፤ ጠላት ያልገደላቸውን የሀገራቸው ልጅ ገደላቸው። ገርማሜም ሞተ፤ ሬሳው በአደባባይ ተሰቅሎ ሕዝብ እንዲያየው ተደረገ። ከዓመት በኋላ ያ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ስድስት ኪሎ የሚማር ጓዳችን ሁሉ ይህን ልብ ይበል፤ ክፍላችን ከታሪኩ ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ነው። እኛ ግን እዚህ ላይ ያነሣነው ስለ ሬሳው ነው። ጠላትን ገድሎ ሬሳውን መንሣት፣ መቃብር መከልከል፣ ከሞት በላይ የሆነ ቅጣት ተደርጎ የተቆጠረበትን አንድ ቀን እናያለንና። ይህ ልማድ ከዚያ በኋላ እየባሰ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም።

እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አርፈው ሥላሴ ሲቀበሩ የኀዘን ንግግሩን ያደረጉት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። በዚያች ቀን ተናጋሪው ራሳቸው ፍትሐት አጥተው፣ ካባ ተነፍገው፣ የእስር ቤት ግቢ ውስጥ ጉድጓድ እንደሚጣሉ ማን ይጠረጥር ነበር? ሆነ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ከነሱ ውስጥ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አሉ፤ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን። ራስ አስራተ ካሣ አሉ፤ ራስ መስፍን ስለሺ አሉ፤ ሌተና ጄኔራል ዓቢይ አበበ አሉ። የደርጉ የራሱ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶምም ቤታቸው ሲዋጉ ተገድለው ከቁጥሩ ገቡ። ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው ወታደሮችም ነበሩበት፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሁሉም «ዓለም በቃኝ» በሚባለው እስር ቤት ቅጥር ውስጥ በአንድነት በጅምላ ተቀበሩ። ያ እስር ቤት ዛሬ የለም፤ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ቆሟል። የሟቾቹ አፅም ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወጥቶ ሥላሴ ቅጥር ውስጥ በክብር ተቀበረ፤ መታሰቢያም ቆመለት።

በዚህ መታሰቢያ ፊት ነው ክርክራችን የጦፈው። አንዱ ጓዳችን እንዲህ አለ፦ «ወሎ በ1965 በረሃብ ሲያልቅ እነዚህ ሚኒስትሮች ዝም ብለው አልነበረም ወይ? የዩኒቨርሲቲያችን መምህራንና ተማሪዎች አይደሉም እንዴ የረሃቡን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ያሳዩት? በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ገበሬ መንገድ ዳር ወድቆ አንድ ድንጋይ አልቆመለትም፤ ለነሱ ቆመ።» ሌላው ደግሞ፦ «ጥፋተኛ ከነበሩ ችሎት ለምን አልቀረቡም? ያለ ፍርድ መግደል ከተፈቀደ ነገ ተራው የማን ነው?» አለ። ተራው የማን እንደ ነበር ታሪኩ ራሱ መልሷል። 60ዎቹ በተገደሉ በወሩ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ያው ተማሪ ራሱ በቀይ ሽብር ይታደን ጀመር። የመጀመሪያው ግድያ ያለ ፍርድ ሲያልፍ ያጨበጨበ ሁሉ ለሁለተኛው በር መክፈቱን አላወቀም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንለው ሁለቱም ጓዶች እውነት ይዘዋል ነው። መቃብር የምስክር ወረቀት አይደለም። ድንጋይ የቆመለት ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም፤ ጉድጓድ የተጣለ ሁሉም ወንጀለኛ ነበር ማለት አይደለም። አንድን ሰው በሕይወቱ ስላደረገው መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ በሞቱ ስለተደረገበት መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ያቀላቀለ ታሪክ ጸሐፊ ወይ አወዳሽ ይሆናል ወይ ገዳይን ያጸድቃል።

የንጉሠ ነገሥቱ አፅም ጉዳይም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ሞቱ። ደርግ በበሽታ ሞቱ ብሎ አወጀ፤ መቃብራቸውን ግን አላሳየም። መቃብር የሚደበቅ በሽታ ምን ዓይነት ነው ብሎ ደፍሮ የጠየቀ አልነበረም። በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው ከዚያው ከታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ተቆፍሮ ወጣ፤ ከዚያም በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ቆየ። በመጨረሻ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ሥላሴ ካቴድራል ውስጥ ከእቴጌ መነን ጎን በትልቅ የድንጋይ መቃብር አረፉ። ከቤተ መንግሥቱ እስከ በአታ፣ ከበአታ እስከ ሥላሴ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በእግር ሽርሽር ነው። ያን መንገድ ለመጨረስ አንድ ሬሳ 25 ዓመት ፈጀበት! ሊቃውንት አፅም ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር «ፍልሰተ አፅም» ይሉታል፤ ድሮ የጻድቃን ነገር ነበር። በኛ ዘመን ግን የፖለቲካ ነገር ሆነ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አፅም ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ የቀበረውን ሌላው ያወጣዋል፤ ያወጣውም ራሱ በተራው እዚያው ቅጥር ይገባል።

ይገባል ያልነው እንዲያው አይደለም። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ይህ ቅጥር በአንድ ወር ሁለት ታላላቅ ቀብር አየ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ነሐሴ 10 አረፉ፤ በአራተኛው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ መለስ ዜናዊ አረፉና ነሐሴ 27 ሥላሴ ተቀበሩ። መለስ የዩኒቨርሲቲያችንን የሕክምና ትምህርት አቋርጠው በረሃ የገቡ፣ ደርግን የጣለውን ትግል የመሩ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ተማሪው በሰልፍ የተቃወማቸው ንጉሠ ነገሥት፣ ደርግ የገደላቸው ሚኒስትሮች፣ ደርግን ያስወገደው የቀድሞ ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ ደወል ሥር ናቸው። በሕይወት ሳሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው በተረፈ ነበር! ይህን ስንል ከንቱ ምኞት መሆኑን አጥተነው አይደለም።

ከሹማምንቱ ራቅ ብሎ ሌላ ዓይነት ስምም አለ። ባለቅኔው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998፣ ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ በ2001፣ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ2004 ዓ.ም. እዚሁ ሥላሴ ተቀብረዋል። እነዚህን ያመጣቸው የጦር ማዕረግ ወይም የዘር ሐረግ አልነበረም። የጥላሁን ቀብር ቀን አዲስ አበባ ጎዳናዋ ሞልቶ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ዛሬም ይነግሩናል። ጥቂት ዘመን ወደኋላ ብንሄድ አዝማሪ ከራስና ከደጃዝማች ጎን ይቀበራል ቢባል ማን ያምን ነበር? በዚህ ረገድ ቅጥሩ የሚያሳየው ለውጥ የሚያስደስት ነው፤ ብዙ ነገር ቢያሳዝነንም ደግ ያየነውን ደግ እንበል።

አሁን ወደ ሌሉት እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እነሱ ናቸውና። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉት ወጣቶች፣ እንደኛው በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ የተመላለሱት፣ አብዛኞቹ ሥላሴም የሉም፣ የሰፈራቸው ደብርም የሉም። ሬሳቸው መንገድ ላይ ተጥሎ አደረ፤ በጅምላ ጉድጓድ ተከተተ። እናታቸው ለቅሶ እንዳትቀመጥ ተከለከለች። ሰልስት የለ፣ ዐርባ የለ፣ ሙት ዓመት የለ። ከብዙ ዓመት በኋላ አፅማቸው ከየጉድጓዱ ሲወጣ ከፊሉ መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ በመስተዋት ሣጥን ተቀመጠ። ስለዚህም ተከራክረናል። ከፊሎቻችን «አፅም መሬት መግባት አለበት፤ የሰው ልጅ የኤግዚቢሽን ዕቃ አይደለም» አልን። ከፊሎቻችን «መሬት ከገባ ይረሳል፤ እንዲታይ ካልተደረገ እንደገና ይደረጋል» አልን። አልተስማማንም። ባልተስማማንበት ግን አንድ ነገር ላይ ደረስን፤ ሥላሴ ቅጥር ውስጥ ያለው ድንጋይና ሙዚየሙ ውስጥ ያለው አጥንት የአንድ መጽሐፍ ሁለት ምዕራፎች ናቸው። አንዱን ብቻ ያነበበ የዚህችን ሀገር ታሪክ አነበብኩ ሊል አይችልም። ድንጋዩ ስም አለው፤ አጥንቱ ብዙውን ጊዜ ስም የለውም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው አባባል የሚሠራው ለመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐሳብ እናቀርባለን። ለዕረፍት ወደየሀገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ያደግንበትን ደብር ቅጥር፣ ወይም የመስጊዳችንን መቃብር፣ በደብተር እንመዝግብ። ድንጋይ ያለውን ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ዓመቱንና ግሡን እንጻፍ። ድንጋይ የሌለውን ደግሞ ሽማግሌዎችን እንጠይቅ፤ «እዚህ ጥግ ማን አለ? እንዴት ሞተ? ማን ቀበረው? ያልተቀበረስ ማን አለ?» እንበል። መሪጌታውን፣ ቀባሪውን፣ የዕድሩን ዳኛ፣ ከሁሉም በላይ እናቶችን እንጠይቅ። እነሱ የያዙት መዝገብ በወረቀት የለም፤ አንዲት አሮጊት በሞተች ቁጥር አንድ ቅጽ ይቃጠላል። ገንዘብ አያስፈልገውም፣ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። ያገኘነውን በዚችው መጽሔት በየተራ እናወጣለን። የአንድ መንደር አሥር ስም እንኳ ቢሆን አንንቀውም፤ ላኩልን።